ለሁለት ሰው የተያዘ ጠረጴዛ

ኩባያዎቹ ተቀያየሩ።

ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። በመዝናኛ ፓርክ ደጃፍ ባለ የእረፍት ካምፕ ምግብ ቤት፣ ለስላሳ ከሚቀዳበት ማሽን ፊት፣ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ የሷን አነሳ፤ እሷ የሱን። እዚህ የሰፈረ ሁሉ ያንኑ ቡናማ ኩባያ ይዞ ስለሚዞር ማንም ልብ አላላቸውም።

እጇ በገባው ኩባያ ድርብ ሥር ውስጥ ጥፍር የምታህል የመረጃ ካርድ አለች። በውስጧ ከስለላ መሥሪያ ቤት የተሰረቀ ዝርዝር አለ፤ በጠላት አገር ተደብቀው የሚሠሩ የአሥራ አንድ ሰዎች ስም። ዝርዝሩ ከተሸጠ አሥራ አንዱም ይገደላሉ።

ዝርዝሩን እንድታስመልስ የላካት መሥሪያ ቤት «ቆቅ» ይላታል። በካምፑ ግን ሎርና ናት፤ ከባሏ ተፋትታ በተጎታች ቤት ፍሎሪዳን የምትዞር ሴት። አምስት ሳምንት ሆናት። መዝናኛ ፓርኩ ደጃፍ ላይ፣ ቤተሰብ በሚርመሰመስበት፣ ቁርሷንም ምሳዋንም ለብቻዋ ትበላለች። አስተናጋጆቹ «ስንት ናችሁ?» ሲሏት «አንድ» ማለት አንገፍግፏታል።

የምታወራው ጎረቤቷን ኦፓልን ብቻ ነው። ኦፓል ዛሬ ሰባ ዓመት ሞላት። ራት እየተበላ ለሚታየው የፓርኩ ትርኢት ለዛሬ የሁለት ሰው ቦታ አላት። እዚያ ጠረጴዛ የሚያዘው ከስልሳ ቀን በፊት በማለዳ ተደውሎ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። የደወለው ባሏ ነበር። ልደቷን ሳያይ ሞተ።

«ባዶ ወንበር እያየሁ ከምበላ አንቺ ተቀመጪበት፣ የኔ ልጅ» ብላታለች። ሎርናም እሺ ብላ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ «ዋርካ» ነው።

«እቃው?»

«እጄ ገብቷል።»

«አሥራ አንድ ሰዓት፣ ራት ትርኢቱ ላይ። ጠረጴዛ አሥራ አራት። ትናንት አስያዝኩት።»

ትናንት ተደውሎ ጠረጴዛ አይገኝም። ነገሩ ከነከናት። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና፣ ብቻዋንም አትመጣም ብላ አስባ፣ ለኦፓል «አሞኛል» ብላ መልእክት ላከች። ውሸት እንጀራዋ ነው፤ የዛሬው ግን አሳፈራት።

በአዳራሹ በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ መዝገቧን አይታ ሳቀች። «አሥራ አራት? ታድለሽ! ሰውዬሽ ልክ ከስልሳ ቀን በፊት ከሁሉም ቀድሞ ነው የደወለው።»

ስልሳ ቀን።

ዝርዝሩ ከተሰረቀ አርባ ቀን አልሞላውም። ዋርካ ገና ሳይሰረቅ የሚረከብበትን ቀን አውቋል ማለት ነው። ያሰረቀው እሱ ነው። ባለ ባርኔጣውን ሌባ ራሱ ሳያገኝ በእሷ እጅ ያስመጣና ይሸጠዋል፤ ጥፋቱም የሷ ይሆናል።

መጸዳጃ ቤት ገብታ ለክፉ ቀን የተሰጣትን ቁጥር ደወለች። የዋናው ቢሮ ሰው አልተንዛዛም።

«ይቀበልሽ። ኪሱ ሲከተው እንይዘዋለን። ሃያ ደቂቃ አቆዪው።»

ዋርካ ፈገግ ብሎ ተቀበላት። የተጠበሰ ዶሮ በባልዲ መጣ፤ በቆሎውና ባቄላው ተከተለ። መድረኩ ላይ ክራር መሰሉ ባንጆ ይመታል፣ ሕዝቡ የእጅ ጨርቁን በአየር ላይ ያሽከረክራል። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። እሷ እያኘከች ደቂቃ ትቆጥራለች። ከጃኬቱ ሥር ሽጉጥ እንዳለ አይታለች።

አሥራ ሁለት ደቂቃ።

ከሦስት ጠረጴዛ ማዶ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት ብድግ አለች። ኦፓል ናት። ወደነሱ መጣች።

«ሎርና? የኔ ልጅ፣ አሞኛል አላልሽም እንዴ?»

የዋርካ መንጋጋ ቆመ። «ማናት?»

ወዳጇ መሆኗን ካወቀ ምስክር ብሎ አይምራትም።

ቆቅ ቀና አለች። «ተሳስተዋል። አላውቅዎትም።» ወደ ዋርካ ዞረችና ጨመረችበት። «የካምፑ አሮጊት ናት፣ ጃጅታለች። ሁሉንም ልጄ ትላለች።»

ኦፓል ሰማች። «ይቅርታ» አለች ቀስ ብላ። ተመልሳ ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠች። ቆቅ ከባልዲው ሌላ ቁራጭ ዶሮ አነሳች።

ሃያ ደቂቃ።

ኩባያውን ገፋ አደረገችለት። ዋርካ ሥሩን ፈልቅቆ ካርዷን ኪሱ ከተተ። አስተናጋጅ መስለው ሽርጥ የታጠቁ ሁለት የዋናው ቢሮ ሰዎች ግራና ቀኙን አፈፍ አድርገው ያዙት። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት አጨበጨበ።

አሥራ አንድ ሰው ተረፈ።

መስታወቱ የጠቆረ መኪና ወሰዳት። ሎርና የምትባል ሴት ከእንግዲህ የለችም፤ ወደ ተጎታች ቤቷ መመለስም ክልክል ነው። መኪናው በካምፑ መሃል በዝግታ አለፈ። ኦፓል በሎርና በር ላይ ቆማለች፤ በእጇ በፎይል የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። ታንኳኳለች።

«ታውቂያታለሽ?» አለ ሾፌሩ።

«አላውቃትም።»

ኦፓል ሳህኑን ደረጃው ላይ አስቀመጠችና እንደገና አንኳኳች።