ራስጌና ግርጌ

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል። ላየው ሰው ሙግት አድክሞት ትንሽ ያሸለበ ይመስላል። ላፕቶፑ አልተዘጋም፤ ኢሜይሎች እየተከታተሉ ይገባሉ። ሰውየው ሞቶም ተከራካሪዎቹ አልጨረሱም ነበር።

ኢንስፔክተሯ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ዞረችው። ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ለሚደርሳት ኢሜይል ሁሉ «እሺ» ብላ ብቻ የምትመልስ ጎልማሳ ሴት ናት።

«አስም ነበረበት» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ትላንት ከሰዓት ትንፋሹ ተዘግቶ ነው የሞተው። የማንም እጅ አላረፈበትም።»

«ፓፉስ?»

ሐኪሙ በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ከሟቹ ማዶ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ትንፋሽ ያጠረው ሰው ፓፉን ይጥለዋል እንጂ አስተካክሎ አቁሞ ተመልሶ አይቀመጥም» አለች። «ቶሎ ቢደረስለት ኖሮስ?»

«ይተርፍ ነበር። እንዲህ ያለው ሞት ጊዜ ይሰጣል።»

ቤቱን አራት ሰዎች ተከራይተው ይሠሩበታል። ቤተ መጻሕፍት ያዋሱትን መጽሐፍ የሚከታተሉበት፣ በነጻ የሚታደል ፕሮግራም ይጽፋሉ። በየአገሩ የተበተኑ አጋሮቻቸው የሚገናኙት በአንድ የኢሜይል መድረክ ላይ ሲሆን፣ የመድረኩ አለቃ ሟቹ ነበር። «መቀስ» ይሉታል። ኢሜይል ስትመልስ የሰውን ጽሑፍ ሁሉ አትጎትት፤ የምትመልስበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ቁረጥ፤ መልስህንም ከግርጌው ጻፍ፤ ሕጉ ይሄ ነበር።

ትላንት ጠዋት አንድ ሰው የመጽሐፍ መመለሻ ቀን በቀይ ቀለም ይታይ እንደሆነ ጠየቀ። እስከ ምሳ ሰዓት ክርክሩ መልስ የሚጻፈው ራስጌ ነው ወይስ ግርጌ ወደሚል ዞረ። ከምሳ በኋላ ደግሞ፣ ስለዚህ ጉዳይ እዚህ መከራከር ይፈቀዳል ወይ በሚል ተፋጠጡ። ስለ ቀዩ ቀለም የጠየቀው ሰው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ምድር ቤት መጀመሪያ የተጠየቀው መልሱን ሁልጊዜ ከላይ በመጻፉ «ራስጌ» የሚባለው ወፍራም ሰው ነው። ዓይኑ አብጧል።

«ትላንት ‹መቀስህን ይዘህ ገደል ግባ› ብለህ ጽፈህለታል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሁልጊዜ እለዋለሁ። እሱም ‹ስድብህን ከግርጌ ጻፈው› ይለኛል።» ሊስቅ ሲል አፉ ተጣመመ። «እናቴ የሞተች ጊዜ ቀድሞ የጻፈልኝ ማን መሰለዎት? በመድረኩ ሳይሆን ለብቻዬ። መልሱን ከላይ አድርጎ፣ ከጻፍኩት አንዲት ፊደል ሳይቆርጥ! ‹ተሸነፍክ አይደል?› አልኩት። ‹ሰው ሲያዝንና ሰው ደህንነትህን ሲጠይቅህ መቀስ አይወጣም› አለኝ።»

«ከአንተ ሌላ የተጣላው አለ?»

«ግርጌ የምንለው ልጅ ትንሽ አኩርፎ ነበር። መልሱን ከላይ የጻፈውን ሁሉ እየተከታተለ ሲገስጽ፣ ተግሳጹ ራሱ ከርዕስ ውጪ ሆነና መቀስ ‹ለአንድ ወር ከመድረኩ ዕረፍ› አለው። ግን ግርጌ እኮ መቀስን ያመልከዋል፤ ሲያስል እንኳ እንደሱ ነው የሚያስለው።»

የሟቹ ታናሽ እህት ወጥ ቤት ውስጥ የቀዘቀዘ ሻይ ፊት ተቀምጣለች። የፕሮግራሙን የአጠቃቀም መመሪያ የምትጽፈው እሷ ናት።

«ሲያስል ሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ።»

«ወጥተሽ አላየሽውም?»

«ኢሜይል ላክሁለት።»

ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ አየቻት።

«እዚህ ቤት ሥራ ላይ ያለ ሰው በር አይንኳኳበትም፤ ይጻፍለታል» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ። ስልኳን ገፋ አደረገችላት። ለወንድሟ ብቻ የላከችው እንዲህ ይላል፤ «ወንድምዬ፣ ሳልህን ሰማሁ፣ አሁን ዝም አልክ። ደህና ነህ? ሻይ ላምጣልህ?» መልሱ ከእሷ ጽሑፍ «ደህና ነህ?» የሚለውን ብቻ አስቀርቶ፣ ከግርጌው «ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ።» ይላል።

«እንደ ባዕድ መለሰልኝ» አለች። «ሁልጊዜ ከላይ ‹እህትዬ› ብሎ ነው የሚጀምርልኝ። እኔም ተቀየምኩ፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ወደ ፎቅ አልወጣሁም። እሱ ትንፋሽ አጥሮት እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አኮርፋለሁ! እህት ነኝ እኔ?»

«ይህን መልስ ለሌላ ሰው አሳይተሻል?»

«ለማን ላሳይ? አፍሬ።»

ኢንስፔክተሯ የመልሱን ፎቶ በራሷ ስልክ አንስታ ወጣች።

«ግርጌ» ቀጭን ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶው፣ ሙጫው፣ የዓይን ጠብታው ሳይቀር ለሰልፍ እንደወጣ ወታደር በረድፍ ቆመዋል።

«ከዚህ አልተነሳሁም» አለ።

ያነሳችውን ፎቶ አሳየችው። «ለገዛ እህት ይህ መልስ አይከብድም?»

«ለምን ይከብዳል? የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄውን አስቀርቶ ከግርጌው መለሰ። የሻዩ ወሬ ከርዕስ ውጪ ስለሆነ ተቆረጠ። መቀስ ማለት ይሄ ነው።»

«እሺ» አለች ኢንስፔክተሯ። ስልኳን ኪሷ ከትታ ሦስቱንም ፎቅ ጠራቻቸው።

አስከሬኑ ተነስቷል፤ ወንበሩ ግን እንዳለ ነው። ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም።

«እዚህ ክፍል ሰው ነበር» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «ፓፉን ሟቹ ከማይደርስበት ቦታ በጥንቃቄ ያቆመ ሰው። ይሄው ሰው በሟቹ ላፕቶፕ ለእህቱ መልስ ጽፏል።»

«እሱ አይደለም የጻፈልኝ?» አለች እህቱ።

«አይደለም። ወንድምሽ ለክርክር እንጂ ለሰላምታ መቀስ አያወጣም። ደህንነቱን ለጠየቀው ሰው ከላይ፣ ምንም ሳይቆርጥ ነው የሚመልሰው። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ፤ ደግሞ ለራስሽ አትመልሺም። ራስጌም በእናቱ ለቅሶ አይቶታል። እሱ ቢያስመስል ኖሮ ከላይ ይጽፍ ነበር፤ ልማዱም ነው።»

ራስጌ ቀስ ብሎ ወደ ግርጌ ዞረ።

«ሕጉን በቃሉ የያዘ፣ ከሕጉ ባሻገር ያለውን ሰው ግን ያላገኘው ነው የጻፈው» ቀጠለች። «አንተ፣ መቀስን አንድ ቀን ‹ደህና ነህ?› ብለኸው ታውቃለህ?»

ግርጌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ብለኸው ቢሆን መልሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። እኔ ያሳየሁህ መልሱን ብቻ ነው። ሻይ የሚል ቃል የለበትም፤ ተቆርጧል። ልጅቷም ለማንም አላሳየችም። ስለ ሻዩ ማን ነገረህ?»

ላፕቶፑ አዲስ ኢሜይል መግባቱን በደወል አሳወቀ።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለ ግርጌ። «ከመድረኩ ሌላ የት አለኝ? መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳስረዳው ማሳል ጀመረ። ፓፉ እዚያው አጠገቤ ነበር። እጁን ዘረጋልኝ። ‹መጀመሪያ ስማኝ› አልኩት። ነጥቤን ልጨርስ ብዬ ነው። አንዲት ነጥብ ነበረች የቀረችኝ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለ ራስጌ።

«አንገቱን ሲደፋ ክርክሩን የናቀብኝ መሰለኝ። ከዚያ የእሷ ኢሜይል ገባ። ወጥታ እንዳታየኝ ብዬ…»

«ያኔ ይተነፍስ ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ግርጌ መልሱን ፍለጋ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ ባዶውን ወንበር አየ።

«ይተነፍስ ነበር።»

«እዚህ መድረክ ላይ ሁሉም የመጨረሻውን ቃል ይፈልጋል» አለች። «አንተ አገኘኸው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወርዱ አልታገላቸውም። በሩ ላይ የተዛነፈች ምንጣፍ አይቶ፣ በልማድ በእግሩ አስተካክሏት አለፈ።

ኢንስፔክተሯ ወደ እህቱ ቀረበች። «አንቺ ጠይቀሻል። መልሱን የሰረቀብሽ ሌላ ሰው ነው።»

«ደረጃው እኮ አጭር ነው» አለች ልጅቷ።

ኢንስፔክተሯ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ ቆይታ ሄደች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አሁን የገባው ኢሜይል ከሩቅ አገር አጋር ነበር፤ ስለ ክርክሩ ረጅም ሐተታ ጽፎ መጨረሻ ላይ «መቀስ ከትላንት ጀምሮ ድምፁ የለም፣ ደህና ነው?» ይላል። ራስጌ የራሱን ላፕቶፕ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጽፍ ሲያጠፋ ቆየ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው።

«አንብቢልኝ እስቲ። እሱ እንደሚወደው አድርጌዋለሁ።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐተታውን በሙሉ ቆርጦ፣ ጥያቄውን ብቻ አስቀርቶ፣ ከግርጌው በንጽሕና ጽፏል። «ወንድማችን ትላንት አርፏል።»

እህቱ አንብባ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አይ፣ የቆረጥከውን መልሰው» አለችው። «ወደ ራስጌ አውጣው። ለቅሶ ነው።»