ያልተመረመረው ውሃ

ሑዳ የተገኘችው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ግንባሯን መዝገቧ ላይ ደፍታ ነው። ሰኔ 1976 ዓ.ም. ነበር፤ የረመዳን ጾም ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ከዚራ ሰፈር ያለችውን የውሃ መመርመሪያ ቤት በር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፍቶ ያያት ሹፌሩ አብዲቃድር ነው።

መርማሪው መቶ አለቃ ማዘንጊያ ሲደርስ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር።

«ልቧ ደካማ ነበር» አለ ሐኪሙ። «በዚህ ሙቀት ጾማ ውላ፣ ውሃ ጠጥታ፣ በቃ። ጥርጣሬ ካለህ ናሙና አዲስ አበባ እንልካለን። ወር ይፈጃል።»

በረንዳው ላይ እናቷ ፋዱማ መሬት ተቀምጣለች። መርማሪውን ስታይ ቀና አለች። «ልጄን አትቅደዱብኝ። ዛሬውኑ አፈር ላልብሳት።»

ማዘንጊያ በሃያ ዓመት ሥራው ብዙ ሬሳ አይቷል። ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት በየመንገዱ ስለወደቁት ግን እንዲጠይቅ አልተፈቀደለትም ነበር። ስለዚችኛዋ መጠየቅ ይችላል። ጠረጴዛውን ቀስ ብሎ ተመለከተ። እስከ ግማሹ ውሃ ያለበት ብርጭቆ፤ ማጉያ መሣሪያ፤ ገለባ የተዘፈዘፈባቸው አራት ጠርሙሶች። የመዝገቡ የቀኝ ጥግ ርሶ እንደደረቀ ወረቀት ተጨማድዷል፤ የግራው ጥግ ደረቅ ነው።

«ጠርሙሶቹ ምንድን ናቸው?» ሲል አብዲቃድርን ጠየቀው።

«ልጆቿ ናቸው፣ ጓድ መቶ አለቃ። በዓይን አይታዩም፤ በመሣሪያው ስታያቸው ግን እንደ ጫማ ሶል ናቸው፣ ይዋኛሉ። እኔ ከየጉድጓዱ ውሃ አመጣለሁ፤ እሷ ልጆቿን ትጨምርበታለች። ከዋኙ ውሃው ደህና ነው፤ ከቆሙ መርዝ አለበት። ወላሂ፣ እኔንም አስተምራኛለች።»

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«የጉድጓድ ውሃ ላመጣ ሄጄ ሁርሶ አደርኩ። ከአሥር ሰዓት በፊት ነው የወጣሁት።»

ማዘንጊያ ስልክ አስደውሎ አረጋገጠ፤ እውነት ነበር።

የመመርመሪያ ቤቱ ኃላፊ ተሰማ ቢሮው ውስጥ ላቡን ይጠርጋል። መሳቢያው ውስጥ በሑዳ እጅ የተጻፈ ሦስት ገጽ ሪፖርት ተገኘ።

«ተጣልታችኋል ይባላል» አለው ማዘንጊያ።

«ከትናንት ወዲያ ተጣልተናል። ብረት በኬሚካል የሚነክረው ወርክሾፕ ዝቃጩን አሸዋው ውስጥ ቀብሮ ጉድጓዱን በክሎታል፤ የሰፈሩ ልጆችም ታመዋል ብላ ጻፈች። የወርክሾፑ መጋዘን ኃላፊ የሣህሉ ስም አለበት። ‹ይህ ወረቀት ሣህሉን ያስረሽነዋል!› ብዬ ጮኼባታለሁ። ውሃው ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ፈራሁ። ግን አልነካኋትም! ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም» አለ ተሰማ።

ሕንፃውን የሚያጸዱትና ለአይጥ መርዝ የሚጨምሩት ወይዘሮ ዘነበች ከበር አጠገብ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ዓይናቸው አብጧል።

«ይወዷት ነበር፣ እማማ?»

«እንደ ልጄ። ሀ ሁ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ገና ‹መ› ላይ ነበርን።»

«ስትሞት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ሕንፃውን ጠርጌ በጊዜ ሄጃለሁ።»

ማዘንጊያ መዝገቡን ይዞ ተቀመጠ። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የውሃው ምንጭ፣ «ዋኙ» ወይም «ቆሙ»። ሑዳ ጉድጓድ ብቻ አልነበረም የምትመረምረው። የተሰማ ቢሮ ጆግ አምስት ጊዜ ተጽፏል። የአብዲቃድር ቤት ውሃ፣ የመስጊዱ በርሜል፣ የገዛ እናቷ እንስራ ሳይቀር አለ። የመጨረሻው ጽሑፍ የትናንት አሥር ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

አብዲቃድርን ጠርቶ ማጉያ መሣሪያውን አስዘጋጀው። አብረው ሲሠሩ አብዲቃድር ስለ ሑዳ አንድ ነገር ነገረው። ከቀትር በኋላ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው። ፋዱማም ገብታ ከዘነበች ጎን ቆመች፤ ዘነበች ትንሽ ሸሸት አሉ።

«ሐኪሙ ልብ ነው አለ» ሲል ጀመረ ማዘንጊያ። «ከዚህ ብርጭቆ ጠብታ ወስደን ልጆቿን ጨመርንበት። ዋኙ። ውሃው ንጹሕ ነው።»

«እንግዲህ ልብ ነዋ!» አለ ተሰማ።

«ቆይ። የመዝገቡ ጥግ ውሃ ፈሶበታል። እሱን ቆርጬ በንጹሕ ውሃ ዘፈዘፍኩ። ልጆቿ ወዲያው ቆሙ። ምናልባት ወረቀቱ ወይም ቀለሙ ይሆናል ብዬ ከዚያው ገጽ ደረቁን ጥግ ዘፈዘፍኩ። እንደ ልባቸው ዋኙ። ስለዚህ የፈሰሰው ውሃ መርዝ ነበረበት። እሷ ከሞተች በኋላ ብርጭቆው ታጥቦ ንጹሕ ውሃ ተቀድቶበታል። ልብ ይህን አያደርግም።»

ማዘንጊያ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«ጾመኛ ነች፤ የምትጠጣው ለማፍጠሪያ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም። በዚያ ሰዓት አብዲቃድር ሁርሶ ነበር። ጓድ ተሰማ ምስክር የለውም፤ ነገር ግን ሑዳ ከሱ ጆግ ሳትመረምር ጠጥታ አታውቅም፤ በተጣሉ ማግስት ደግሞ ጭራሽ። የእናቷን እንስራ የምትመረምር ልጅ ትናንት ያልመረመረችው የማንን ውሃ ነው? አብዲቃድር፣ ጠዋት የነገርከኝን ድገመው።»

አብዲቃድር ወደ ጠርሙሶቹ ዞሮ ተናገረ። «እማማ ዘነበች ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በኮዳቸው ቀዝቃዛ ውሃ ያመጡላት ነበር። አንድ ቀን፣ ‹አቦ፣ የሳቸውን ለምን አትመረምሪም?› አልኳት። ሳቀች። ‹በጾም አፌ ውሃ ይዛ የምትመጣ ሴት ትመረመራለች እንዴ? ሆዮ ናት› አለችኝ።»

ሆዮ፣ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። ፋዱማ ዞር ብላ ዘነበችን አየቻቸው።

«የአይጡ መርዝ በርስዎ እጅ ነው» አለ ማዘንጊያ በለሆሳስ። «ሣህሉም የርስዎ ልጅ መሆኑን አጣርቻለሁ።»

ዘነበች አልካዱም። ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ትልቁን ልጄን ከቤት አውጥተው ሲወስዱት ቆሜ አየሁ። ሬሳውን እንኳ አልሰጡኝም። ሣህሉ ብቻ ነው የቀረኝ። ጓድ ተሰማ ያስረሽነዋል ሲሉ ኮሪደር ላይ ሰማሁ... ጠጥታ ‹እግዜር ይስጥልኝ› አለችኝ። በኔ ቋንቋ አለችኝ።»

ማዘንጊያ ሪፖርቱን አነሣ። ማንበብ አልፈለገም፤ አለማንበብም አልቻለም። «ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል። ‹ዝቃጩ የተቀበረበትን ቦታ በራሱ ፈቃድ መጥቶ ያሳየን የመጋዘን ኃላፊው ሣህሉ ነው። እንዳይቀበር ቢከራከርም አልሰሙትም። እውነቱን በመናገሩ ጉዳት እንዳይደርስበት ጥበቃ ይደረግለት ዘንድ አጥብቄ እጠይቃለሁ።›»

«እኔ...» አለ ተሰማ፤ «እኔ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው ያነበብኩት።»

ዘነበች እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉና ሳይነኩት መለሱት። ፋዱማ ልጇን ልታጥብ ወጣች።

ሑዳ ያን ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ ተቀበረች። የተበከለው የውሃ ጉድጓድ በሳምንቱ ተዘጋ። ሪፖርቱን ወደ በላይ አካል የላከው ማዘንጊያ ራሱ ነው፤ ሣህሉም ለምስክርነት ተጠራ እንጂ አልታሰረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ይዞ እናቱ የታሰሩበት እስር ቤት በር ላይ ይቆም ነበር። ጠባቂው ገብቶ ስሙን ለእናቱ ይነግራቸዋል፤ ስንቁን ይቀበላሉ፣ ሊያዩት ግን አይወጡም።