ያልገባህን ሁሉ «የስ» በል

ኤልዳና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ አፓርትመንት ነው። እዚያ ከእናቷ ከሣህሊቱና ከአያቷ ከጋሽ ሀብተሥላሴ ጋር ትኖራለች። እናቷ ማታ ማታ ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር እየሄደች አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። አያቷ በአንድ ሬስቶራንት ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ይጠብቃሉ።

በዚያ ሰሞን ጋሽ ሀብተሥላሴ ለሲቲዝንሺፕ፣ ማለትም ለዜግነት፣ ኢንተርቪው ቀን ተቀጠረላቸው። ስለሚኖሩበት አገር መንግሥትና ስለ ሕገ መንግሥቱ ይጠየቃሉ። እሳቸውን የማስጠናቱ ሥራ ለኤልዳና ተሰጠ። እናቷ አደራ ስትላት፣ አንድም ጥያቄ እንዳትዘል አስጠንቅቃት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ደስ ይል ነበር። አያቷ ሦስቱን የመንግሥት ክፍሎች የያዙት በፓርኪንጋቸው ነው። «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» የሚለውን ደንብ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው። ደንቡ መከበሩን የሚከታተለው ፕሬዚዳንቱ ነው። ሁለት ሾፌሮች በደንቡ ሲጣሉ የሚዳኛቸው ፍርድ ቤቱ ነው። እኔስ የቱ ነኝ ብለው ሲጠይቋት፣ አንተማ ሕዝቡ ነህ፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ የሚጀምረው «እኛ ሕዝቡ» ብሎ ነው አለቻቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ባለሥልጣኖቹ ይህን መስማታቸውን እንጃ አሉ።

የመጨረሻው ክፍል ግን አሰልቺ ነበር። ስለ ራሱ ስለ አመልካቹ ነው። ሰው አሳደህ ታውቃለህ ወይ፣ ለመንግሥት ዋሽተህ ታውቃለህ ወይ፣ እያለ ይሄዳል። የእንግሊዝኛው ቃል ለኤልዳናም ከባድ ነበር። ጓደኛዋ ናዝራዊት ደግሞ አዲሱን ስኩተሯን ይዛ ከታች ትጠራታለች። እናንተ ብትሆኑ እግራችሁን አይበላችሁም ነበር?

«አባባ፣ ያልገባህን ሁሉ ፈገግ ብለህ ‹የስ› በል። በቃ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ አያቷ። «ሹም ፊት ቆሞ ‹አይ› ማለት ነውር ነው። እኛ እንዲህ ነው ያደግነው።»

ኤልዳና ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። እናቷ ከሥራ ስትመለስ ጠየቀቻት። ኤልዳናም ሁሉንም ጨርሰናል አለቻት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ዳቦ እየበሉ ነበር። ዳኒ የሚባለው ልጅ ጋርዴና ስለሚኖረው አጎቱ አወራ።

«ኢንተርቪው ላይ ኦፊሰሩ ወንጀል ሠርተህ ታውቃለህ ወይ አለው። አጎቴ አልገባውም። ሶ፣ አክብሮ ‹የስ› አለ። ጉዳዩ እስካሁን ታግዷል። በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል።»

ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። ኤልዳና ግን የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት አብሯት ዋለ፣ አብሯት አደረ። የአያቷን ባዶ አልጋ አሰበች። ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ የሚቀረውን ባርኔጣቸውን አሰበች። በማግስቱ ልትነግራቸው ሄደች። እሳቸው ሸሚዛቸውን እየተኮሱ መዝሙር ያንጎራጉሩ ነበር። አሁን ብነግረው ይደነግጥና የያዘውን ሁሉ ይረሳዋል ብላ ተመለሰች። ልጆች፣ ይህ ምክንያት ብቻ ነበር። የፈራችው ለራሷ ነው።

የቀጠሮው ዕለት ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እሷም አብራ ሄደች። የመጠበቂያው ክፍል ይበርዳል። ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም። በሩ ይከፈታል፣ አንዲት ኦፊሰር ስም ትጠራለች፣ ሰው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ጋሽ ሀብተሥላሴ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ይሉ ነበር። ኤልዳና ይህን ስታይ መቀመጥ አልቻለችም።

«አባባ» አለች። «የመጨረሻውን ክፍል አላስጠናሁህም። ጨርሰናል ያልኩት ውሸት ነው። ዝም ብለህ ‹የስ› ካልክ ሊያግዱህ ይችላሉ።»

የእናቷ ፊት አመድ መሰለ። አያቷ አልተቆጡም። በፈራ ሰው ዓይን ነበር ያዩዋት፤ ይህ ከቁጣ ይልቅ አስጨነቃት።

«ታዲያ ምን ልበል? አልገባኝም ብል ሹሟ አትቆጣም?»

«ሕግ ከሁሉም በላይ ነው የሚለውን የጥናታችንን መልስ ታስታውሳለህ?»

«በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«ኦፊሰሯም ከሕግ በታች ናት፣ አባባ። ድገሚልኝ ማለት ትችላለህ። ያላደረግኸውን ‹ኖ› በል።»

አያቷ ባርኔጣቸውን አገላብጠው አዩት። «ያን መልስ ለፈተናው ብዬ ነው የያዝኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ለእኔም የሚሆን አልመሰለኝም ነበር።»

ወዲያው ስማቸው ተጠራ።

በሩ ተዘግቶ ቆየ። እናቷ በልቧ ትጸልያለች፤ ኤልዳናን ቀና ብላም አላየቻትም። ኤልዳና እግዚአብሔር ሆይ፣ በእኔ ጥፋት እሱን አትቅጣብኝ አለች። በሩ ተከፍቶ ሌላ ሰው ወጣ። ደግሞ ሌላ ሰው። በመጨረሻ ጋሽ ሀብተሥላሴ ግንባራቸውን እየጠረጉ መጡ።

«አልፈሃል አለችኝ» አሉ፤ ራሳቸውም ያመኑ አይመስሉም። «የማላውቀው ቃል መጣ። አፌ ‹የስ› ሊል ደርሶ ነበር። ፕሊዝ፣ ድገሚልኝ አልኳት። አልተቆጣችም፤ ቀለል አድርጋ ነገረችኝ። ሰው አሠቃይተህ ታውቃለህ ወይ ነው ለካ! ‹ኖ› አልኩ። ለሹም ‹አይ› ስል በዕድሜዬ መጀመሪያዬ ነው።»

ኤልዳና እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። እሳቸውም አንስተው ግንባሯን ሳሟት። እናቷ ግን ወዲያው ዝም ብላ አላለፈቻትም። ለንስሐ አባቷ እንድትናገር አዘዘቻት፤ ኤልዳናም ተናገረች።

አሁን የማጥናቱ ተራ የእናቷ ነው። ትናንት ኤልዳና ማስጠናት የጀመረችው ከዚያው ከመጨረሻው ክፍል ነው። ናዝራዊት ከታች ጠራቻት። ኤልዳና በመስኮት ብቅ ብላ፣ ስጨርስ እመጣለሁ አለቻት። እውነትም ስትጨርስ ወረደች።

ልጆች፣ የተሰጣችሁን አደራ ሳትፈጽሙ ፈጽሜያለሁ አትበሉ፤ ካጠፋችሁም፣ እየፈራችሁም ቢሆን፣ በሩ ሳይዘጋ እውነቱን ተናገሩ።