ፋይበሩ ሲነቀል

ፊውዝ የፋይበሩን ገመድ ነቀለችና ጠበቀች። የመቀየሪያዋ አረንጓዴ መብራት ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እንደበራ ቀረ። መልሳ ሰካች፤ ደግማ ነቀለች። ያው ነው።

«ፊውዝ» ያሏት ቶሎ ስለምትቃጠል ነው። አሁን ግን አልተናደደችም፤ ፈራች። የሙከራው ቅጽ ላይ ጓደኛዋ ሎሚ «ፋይበሩ ሲነቀል መብራቱ ይጠፋል፤ ተሞክሯል» ብላ ጽፋለች።

መቀየሪያዋ ከዋናው ሕንፃ በፋይበር የመጣውን መስመር ተቀብላ፣ በተራ የኔትወርክ ገመድ ለኮምፒውተሮቹ ለሚያከፋፍለው የፈተና አዳራሹ ስዊች የምታቀብል ትንሽ ሣጥን ናት። ፋይበሩ ከተበጠሰ መብራቷን አጥፍታ ለስዊቹ ማሳወቅ አለባት፤ ያኔ ስዊቹ ወደ መጠባበቂያው መስመር ይዞራል። ካላሳወቀች ሰኞ በኮምፒውተር የሚፈተኑት ስድሳ ተማሪዎች በደረቀ ስክሪን ላይ ሊያፈጡ ነው። የቴክኖሎጂ ክለባቸው መምህር ደግሞ ቅጹን አምነው ለሙከራ ከመጡት ሁለት መቀየሪያዎች ይህችኛዋን መርጠዋል።

«ሎሚ፣ ይቺን የእውነት ሞክረሻታል?»

«ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ እንዳበራች ዋለች። ከዚህ በላይ ምን ትሁንልሽ?»

«ፋይበሩን ነቅለሻል ወይ ነው የምልሽ!»

ሎሚ አንገቷን ደፋች። «የመረብ ኳስ ልምምድ ረፍዶብኝ ነበር። አቦ አታካብጂ! ፋይበሩ ሰኞን ጠብቆ ይበጠሳል እንዴ?»

ፊውዝ ለሻጩ ሊመለስ የታሸገውን ሁለተኛውን መቀየሪያ ከካርቶኑ አውጥታ ሰካችውና ፋይበሩን ነቀለች። መብራቱ ወዲያው ድርግም ብሎ ጠፋ።

«በቃ፣ ሹልክ ብለን እንቀያይራቸው!» አለች ሎሚ። «ማን ያውቃል?»

«መምህር ለሌሎቹ ክፍሎች የዚችኑ ዓይነት አሥር ሊያዙ ነው። በዚሁ ቅጽ።»

«በሞቴ ፊውዝዬ፣ ከክለቡ ያባርሩኛል። ደሞ እኔን ብቻ መሰለሽ?» ሎሚ ጣቷን ቅጹ ግርጌ ላይ አሳረፈች።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በክለቡ ደንብ አንዱ ይሞክራል፣ ሌላው አይቶ ይፈርማል። ከሎሚ ፊርማ ጎን የፊውዝ ፊርማ አለ፤ ትናንት ደወል ሲደወል፣ ቦርሳዋን እንዳነገተች ሳታይ የጫረችው። ሎሚ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ጓደኛዋ ናት፤ ክለቡንም ከነፍሷ ትወደዋለች። ቢሆንም ሁለቱን ሣጥኖችና ቅጹን አቅፋ ተነሳች።

የመምህሩን ቢሮ አንኳኩታ ገባች።

«መምህር፣ የተሳሳተውን መቀየሪያ መርጠናል። ሁለቱንም እዚሁ ፊትዎ እነቅላቸዋለሁ፤ ይዩት» አለች። «ቅጹ ላይ የፈረምኩትም ሳላይ ነው።»

የሎሚን ጥፋት መናገሩን ለራሷ ለሎሚ ተወችላት።