ሰባት ድፍን ክቦች

«ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው እንዴ?» አሉ የልጅቷ አያት፣ ሜትሩ ባታቸው ላይ ሲጠመጠም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አያቷ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሜትር የሚለውን ሳያዩ ያውቁታል።

«ሠላሳ» አሉ፣ ባለሙያዋ አፏን ሳትከፍት። «ዳሌዬን የተጠገንኩ ለት ሠላሳ ሦስት ነበር። እግሬ እኔን ጥሎ ሊሄድ ነው መሰለኝ።»

«እስቲ ይነሡ።»

ሁለት እጃቸውን ፍራሹ ላይ ተክለው ሞከሩ። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠና ተመልሰው ቁጭ አሉ። ባለፈው ሳምንት እስከ በሩ ደርሰው ነበር።

አብራ የገባችው ነርስ ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ወረቀት አነሣች። ወረቀቱ ላይ ሳህን የሚመስሉ ክቦች ተደርድረዋል፤ አስታማሚው፣ በሽተኛው የበላውን ያህል ክቡን በእርሳስ ያጠቁራል። እናቷ ከሥራ የምትወጣው ማታ ስለሆነ፣ በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት እየሮጠች የምትመጣው ልጅቷ ነበረች። ሰባት ቀን፣ ሰባት የምሳ ክብ። ሰባቱም ድፍን ጥቁር።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለቻት ነርሷ። «ሌላው ሰው ወረቀቱን ረስቶት ነው የሚሄደው።»

ልጅቷ ጫማዋን አየች።

መጀመሪያ ቀን ይህችው ነርስ ነግራት ነበር፦ በዚህ ዕድሜ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጡንቻ ቶሎ ይሟሽሻል፤ የምሳው እንቁላልና ሥጋ እንደ መድኃኒት ነው። በዚያው ቀን አያቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «አፌን እሬት እሬት ይለኛል፣ ቁልፌ። አንቺ ብዪው» አሏት። በሕፃንነቷ ከልብስ ቁልፍ ሣጥናቸው ስለማትጠፋ ያወጡላት ስም ነው። እርቧት ነበር። የከሰዓት ፈተናም ነበረባት። እሳቸው አንድ ጉርሻ ለማላመጥ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። በላችው፤ ክቡንም አጠቆረች። በሁለተኛው ቀን ትሪውን ገፉላት እንጂ አልለመኗትም። በሦስተኛው ቀን እሷም «ይብሉ» አላለቻቸውም።

«ምሳቸውን አንድም ቀን ሳያስተርፉ እንዲህ ከከሱ፣ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው» አለች ነርሷ። «ነገ ጠዋት በጉሮሯቸው ካሜራ አስገብተን ሆዳቸውን እናያለን። ከዛሬ ምሳ በኋላ ምንም አይቅመሱ። ሐኪሙ ትእዛዙን እንዲጽፍልኝ ልንገረው።»

ሁለቱ ባለሙያዎች ወጡ። የምሳው ትሪ ገባ።

«ዝም በይ» አሉ አያቷ በሹክሹክታ። «ካሜራ ብውጥ ምን እሆናለሁ? አንቺን ከሚቆጡሽ…»

ሸሚዛቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የሰው ልብስ ሲጠብና ሲሰፋ ከሩቅ የሚያውቁት ሰው፣ የራሳቸው ሸሚዝ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆኖባቸዋል። የሰባቱ ቀን እንቁላል የት እንደገባ ግን የሚያውቁት እሳቸውና እሷ ብቻ ናቸው።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ላጲስ አወጣች። እርሳሱ ቶሎ አልለቅ አለ፤ የመጀመሪያውን ክብ ስትፈገፍግ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። አያቷ እጇን ያዩ ነበር። እሳቸውም ስፌት ሲበላሽባቸው ላዩ ላይ አይደርቡም ነበር፤ ቁጭ ብለው ክሩን አንድ በአንድ ይተረትሩት ነበር።

ሰባቱንም ፋቀች። በደንብ አልነጡም፤ ግራጫ ሆኑ።

እንቁላሉን ልጣ አራት ቦታ ቆረሰችና ሹካውን በእጃቸው አስያዘቻቸው።

«እስክመለስ ይጀምሩልኝ፣ አባባ።»

«ፈተናሽስ?»

«ይደርሳል።»

አያቷ ሹካቸውን እንደያዙ ትሪውን ተመለከቱ። «ለአንቺ ግማሹን ላስቀርልሽ?»

«እኔ በልቻለሁ» አለች። «ሰባት ቀን ሙሉ።»

ወረቀቱን ይዛ ወደ ነርሷ ጠረጴዛ ሄደች።