በማላያ መቀነት የተቋጠረው ቁልፍ

የግድቡን ዘበኛ ማላያን ከግድቡ በታች፣ ጎርፍ ካፈረሳቸው ጎጆዎች መሃል አገኙት። ነጭ ሸሚዙ ላይ ከጭቃ በቀር ምንም አልነበረም።

ሰፈርተኛው ከቦት ቢቆምም ቃሬዛውን የሚያነሳ ጠፋ።

«ሰክሮ ሐይቅ ገባ አሉ! ሳያስጠነቅቀን ሰባት ሰው አጣን!» አለ ከመሃላቸው አንዱ።

ሴት ልጁ ስራቫኒ የፖሊስ ኢንስፔክተሯን ያሙናን ቀና ብላ አየቻት። «ማዳም፣ አባቴ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ስሙ ካልጸዳ አራት ተሸካሚ እንኳ አላገኝለትም።»

ያሙና ጎንበስ ብላ የሟቹን መቀነት ፈታች። የናስ ቁልፍ ተቋጥሮበታል።

ግድቡ ላይ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፤ የሐይቁ አስተዳዳሪ ራጉራም፣ መሐንዲሷ ቫሱዳ፣ የውሃ በሩን የሚከፍተው ያዳጊሪ።

«ንጋት ላይ ሐይቁ ውስጥ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ያዳጊሪ።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው የጠቀለልከው?»

«ትናንት በበዓሉ የአምላካችንን የጋኔሽን ምስል ውሃ ስናስገባ ገመድ ላጠኝ።»

«ከማላያ ጋር ስንት ዓመት ሠራችሁ?»

«ሃያ ሁለት። ወንድሜ ማለት ነው።»

ራጉራም ሰዓቱን አየ። «ሰካራሙን ውሃው በግድቡ አሳልፎ ወሰደው፤ አለቀ። ምኑ ይመረመራል?»

ያሙና የበሩን መዘውር አየች። የታሰረበት ሰንሰለት አዲስ ነው። «ይሄ ለምንድን ነው?» አለቻት መሐንዲሷን።

«ታች ያሉትን ሊያስጠነቅቅ የሚወርደው ሰው መዘውሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል» አለች ቫሱዳ፣ ድምፅዋ እየደከመ። «እሱ ሳይመለስ በሩ እንዳይከፈት።»

ያሙና ስራቫኒንና ሰፈርተኛውን ወደ ግድቡ አስጠራች።

«ሐይቁን እዩት። ከትናንቱ ምስሎች ቀለም የተነሳ ላዩ ደም መስሏል። እዚህ የወደቀ ሰው ሸሚዙ ነጭ ሆኖ አይወጣም። ውሃው ደግሞ የሚወጣው ቀለሙ ከማይደርስበት ከሥር፣ በብረት ፍርግርግ ነው፤ ክንድ እንኳ አያሳልፍም። ማላያ ሐይቅ አልገባም። ሊያስጠነቅቃችሁ ወርዶ ነበር።»

የናሱን ቁልፍ የአዲሱ ሰንሰለት ጓጉንቸር ላይ ሞከረች፤ አልገባም። ከመዘውሩ ቅባት ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ በጣቷ አነሳች። ከዚያ የያዳጊሪን ጨርቅ ፈታች። ቁስሉም ውስጥ ያው ብናኝ ነበር።

«ገመድ ብረት አይረጭም» አለች።

ያዳጊሪ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እሱ ደወለልኝ» አለ ወደ ራጉራም እያመለከተ። «ለበዓሉ ብሎ ሐይቁን ሞልቶ አቆየው። ውሃው የበዓሉ እንግዶች መንገድ ላይ ሊወጣ ሲል ‹አሁኑኑ ክፈት፣ አለዚያ ሥራ የለህም› አለኝ። ማላያ ቶሎ የሚወጣ መስሎኝ…»

«የድሮውን ሰንሰለት ለመቁረጥ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?»

«ሃያ።»

«ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቁልፉ የት እንዳለ ታውቅ ነበር።»

አብረዋት የመጡት ፖሊሶች የራጉራምን ክንድ ያዙ፤ ያዳጊሪንም በካቴና አሰሩት። ያሙና ወደ ቫሱዳ ዞረች። «ሰው በፍርግርጉ እንደማያልፍ እያወቅሽ ‹በግድቡ አልፎ ሞተ› በሚለው ሪፖርት ላይ ፈረምሽ።»

«ይህ ግድብ የተሠራው ታች ያሉትን ከጎርፍ ሊጠብቅ ነበር» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሁሉም ከግድቡ ወረዱ፤ ከሰፈርተኛው ሦስት ሰዎች ቃሬዛውን ያዙ። ያዳጊሪ በካቴና የታሰረ እጁን ዘረጋ። «ልጄ፣ አንዱን ጎን እኔ ልያዝለት።»

ስራቫኒ አራተኛውን ጎን ራሷ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«አጎቴ፣ አንተ በርህን ጠብቅ።»