ከአጥሩ ውጭ ያለችው መቃብር

የሲላስ ፔንሪ አስከሬን የተገኘው ከኮሎኔል ራልፍ ዴንሃም የትምባሆ እርሻ ግርጌ፣ ከወንዙ መውረጃ ደረጃ ሥር ነው። ሲላስ የዘር ሐረግ አጥኚ ነበር። የቨርጂኒያ ምክር ቤት አባል የሆኑት ኮሎኔል የትውልዳቸውን ግንድ እንዲስልላቸው ካስመጡት ገና ሳምንቱ ነው።

«ሰክሮ ነው የወደቀው» አሉ ኮሎኔሉ። «አቶ ታልቦት፣ ‹ሰጠመ› ብለው ይጻፉና ይቀበር።»

የአስከሬን መርማሪው ጆብ ታልቦት ሹመቱን ያገኘው በእኚሁ ሰው አፍ ነው። እሺ ሊል ጫፍ ላይ ደርሶ የሟቹን ጉልበት ሲያይ ተወውና ጎንበስ ብሎ መረመረው፤ በራሱም አፈረ። የወንዙ ዳር ጭቃ ጥቁር ሲሆን የሲላስ ሱሪ ግን ቀይ አፈር ይዟል። እጅጌው ላይ የድንጋይ ብናኝ ተለጥፏል፤ የጫማው ተረከዝም እንደተጎተተ ሰው ተፋፍቋል።

በመጀመሪያ የኮሎኔሉን ሚስት ሌቲስን ጠየቀ።

«ራሴን አሞኝ በጊዜ ተኛሁ» አለች። «ባለቤቴ? አጠገቤ አልነበሩም... ኧረ ነበሩ! ምን ነካኝ!»

የኮሎኔሉን እህት ዶርካስን ወጥ ቤት አተር ስትፈለፍል አገኛት። እጆቿ በእሾህ ተቧጭረዋል።

«ሲላስ ይጠጣ ነበር እንዴ፣ ወይዘሪት ዶርካስ?»

«እኔ እንጃ» አለች ቀና ሳትል። «በዚያ በተሰበረ መነጽር ግን ደረጃው እንዴት ይታየው?»

ሟቹ ሲገኝ ግን መነጽር አላደረገም ነበር። ታልቦት ቀይ አፈር ፍለጋ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ወጣ። እዚያ አፈሩ ቀይ ነው። የዴንሃሞች መቃብር በአጥር ተከብሮ ይታያል። ከአጥሩ ውጭ፣ በእሾህ ቁጥቋጦ መሃል አንዲት ትንሽ የመቃብር ድንጋይ አለች። ዙሪያዋ ተኮትኩቷል። የተቀረጸው የሴት ስም ግማሹ አዲስ ተፍቋል፤ መሮው እዚያው ወድቋል። ሣሩ ውስጥ የመነጽር ስብርባሪ ያበራል።

ሁሉንም እልፍኝ ሰበሰባቸው።

«ሲላስ የሞተው ኮረብታው ላይ ነው» አለ። «የአንዲት ሴት ስም ከድንጋይ ላይ እየፋቀ ነበር። ያዘዘው ከትውልዱ ግንድ ላይ እንድትጠፋ የፈለገ ሰው ነው። እርስዎ ነዎት፣ ኮሎኔል።»

«እኔ አልገደልኩትም!»

«አዎ፣ አልገደሉትም። ትእዛዝዎን የሚፈጽምልዎትን ሰው ምን ብለው ይገድሉታል? የገደለው ያችን መቃብር የሚወድ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ እሾህ መሃል ገብቶ አረሟን የሚነቅል ሰው። መነጽሩ መሰበሩንም ስብርባሪውን ሳላገኝ በፊት የነገረችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት።»

ሁሉም ወደ ዶርካስ ዞሩ። የተቧጨሩ እጆቿን አልደበቀችም።

«ተው አልኩት» አለች። «የአባቴ እናት ናት፣ ተው አልኩት። ‹በሌብነት ተፈርዶባት ከለንደን ወደዚህ በመርከብ የተጫነች ገረድ ናት› ብሎ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ጭንቅላቱ ድንጋዩ ላይ አረፈ። እንዲሞት አልፈለግሁም... ሮጬ ወንድሜን ጠራሁት።»

«እርስዎም ጎትተው ወንዙ ዳር ጣሉት፣ ኮሎኔል» አለ ታልቦት።

«እህቴን ላድን ብዬ ነው!» አሉ ኮሎኔሉ።

«አትዋሽ፣ ራልፍ» አለች ዶርካስ። «ሬሳው ኮረብታው ላይ ከተገኘ ሰው መቃብሯን ያያል ብለህ ነው። እኔ ሰው በመግደሌ እስክሞት አፍራለሁ። በእሷ ግን አፍሬ አላውቅም።»

ሌቲስ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ታልቦት ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«የሞተበት ቦታ፣ ከመቃብር አጠገብ። ስሟ ግማሹ ተፍቋል፤ የማን መቃብር ልበል?»

ዶርካስ ልትመልስ ስትል እጁን አነሳ። «ኮሎኔሉ ይንገሩኝ።»

ሲናገሩ ምክር ቤቱን ጸጥ የሚያሰኙት ሰው ዓይናቸውን ከወለሉ ማንሳት አቃታቸው።

«ኬት ማሮው» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«የእርስዎ ምን ናት?»

ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ቀላ።

«አያቴ ናት» አሉ።